ይጠናከር፣ ይሻሻል፣ ይዘርጋ

የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ዕለት እህቴ ድንኳን ጥላ፣ በግ አሳርዳ፣ ሰፈሩን ሁሉ ጠርታ ነበር። ያጠናው ሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ የሰፈር እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ ልጁ የተመረቀው በምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«በአቅርቦት ሰንሰለት» አልኳቸው።

«ሰንሰለት?» አሉና ጥቂት አሰቡ። «እንግዲህ ብረታ ብረት ነዋ! ጥሩ ነው፤ ብየዳ እንጀራ አያሳጣም።»

ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ሥራ ያዘ። ሥራው ግን መጋዘን ውስጥ አይደለም። ትራንዚት ቢሮም፣ የጭነት መኪና ስምሪትም አይደለም። አማካሪ ሆነ። በሃያ ሦስት ዓመቱ «ጁኒየር የሰፕላይ ቼይን ኮንሰልታንት» የሚል የስም ካርድ ይዞ ቤቴ መጣ።

«ማንን ነው የምታማክረው?» አልኩት።

«ድርጅቶችን ነው ጋሼ። ዕቃ የሚያስመጡ፣ የሚያከማቹ፣ የሚያከፋፍሉ።»

«አንተስ አስመጥተህ፣ አከማችተህ፣ አከፋፍለህ ታውቃለህ?»

ሳቀ። ደግ ልጅ ነው፤ ሲነኩት ይስቃል።

መቼም በእኛ አገር መካሪ ማለት ጸጉሩ የሸበተ፣ ነግዶ የከሰረ፣ ተጣልቶ የታረቀ፣ ድሮም ቀብሮም ያየ ሰው ነበር። ሰው ሠርቶ ሠርቶ ሲደክመው የሚገባበት ነበር ምክር። አሁን የሥራ መጀመሪያ ሆኗል። በልጁ ላይ ለመፍረድ አፌን ስከፍት ግን የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ዘጋሁት። እኔም በሃያ አራት ዓመቴ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ። በማታው ክፍል ከተቀመጡት ተማሪዎቼ መካከል ልጆች ያሳደጉ፣ ጦር ሜዳ ውለው የተመለሱ ሰዎች ነበሩበት። እኔ ያኔ አያቴን እንኳ ቀብሬ አላውቅም። ግን በልቦለድ ውስጥ ያለ ሞት ምን ማለት እንደሆነ በልበ ሙሉነት አስተነትንላቸው ነበር። እነሱም ዝም ብለው ይጽፉ ነበር። ዝምታቸውን አድናቆት አድርጌው ኖሬያለሁ።

ደግሞስ ልጁ ምን ያድርግ? መጀመሪያ ያመለከተው አራት መጋዘኖች ዘንድ ነበር። አራቱም የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ አምጣ አሉት። የአማካሪው ድርጅት የጠየቀው ኤክሴልና እንግሊዝኛ ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ጓንት ለመቁጠር ሦስት ዓመት ልምድ ተጠየቀ፣ የጓንት ቆጣሪዎችን አለቃ ለመምከር ግን አልተጠየቀም። ለተግባር ልምምድ ወጣ የተባለውም አንድ ቢሮ ጥግ ተቀምጦ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሲያበቃ ማኅተም አስመትቶ የተመለሰበት ነው። ይህን ያልኩት ልጁን ለመከላከል ብዬ ነው። ወቀሳውን ለሚገባው ቆይቼ አከፋፍለዋለሁ።

ሙያው አያስፈልግም ማለቴም እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የባሕር በር የሌለን ሕዝብ ነን። አብዛኛው የገቢና የወጪ ዕቃችን በጅቡቲ በኩል ያልፋል። የምናስገባው ከምናስወጣው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ጭኖ የገባው ተሳቢ ወደ ወደብ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ይንከረፈፋል። የባዶውን ጉዞ የሚከፍለው ደግሞ ሳሙናና ዘይት ገዢው ነው። በ2004 ዓ.ም. ሦስት የመንግሥት ድርጅቶች ተዋህደው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት የሆኑት፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የተመረቀው ለዚሁ ችግር መላ ፍለጋ ነው። በአገር ውስጥም ቢሆን ምርት ስለተትረፈረፈ ብቻ እንደማይደርስ አይተናል። በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ከመውደቁ የተነሣ ለገበሬው የማጨጃውን ዋጋ እንኳ የማይመልስበት ቦታ ነበር። በዓመቱ ዝናቡ ሲቀር ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋም አንዱ መከራከሪያ ይኸው ነበር። ስለዚህ ሰንሰለቱን የሚያጠና ሰው ያስፈልገናል። የሚያጣላን ከየት ቆሞ ያጥናው የሚለው ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጁ ሥራ በጀመረ በአምስተኛው ወር አንድ ምሽት ላፕቶፑን አንግቶ መጣ። የመጀመሪያ ሪፖርቱን ጨርሷል። ለሆስፒታሎችና ለጤና ጣቢያዎች ጓንት፣ ሲሪንጅ፣ ጉሉኮስና የመሳሰለውን የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ያስጠናው ነው። የተጠናበትም ምክንያት ከባድ ነው። ዕቃው በመጋዘን ተከምሮ ጊዜው ያልፍበታል፤ በዚያው ወር ደግሞ ጤና ጣቢያዎቹ «የለም» እያሉ በሽተኛውን ከውጭ ግዛ ይሉታል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ 94 ገጽ ነው። ለሥራ አመራሩ የሚነበብ ስድስት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ አለው። የእኔ ሥራ አማርኛውን ማቃናት ነበር።

አንድ ጊዜ መምህር የነበረ ሰው ቀይ እስክሪብቶ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ማጠቃለያውን እንደ ልቦለድ አነበብኩት። ማን ይናገራል? ማን ያደርጋል? ማን ይጎዳል? በስድስት ገጽ ውስጥ አንድም ሰው አላገኘሁም። «ባለድርሻ አካላት» አሉ፤ «የሚመለከታቸው ክፍሎች» አሉ፤ «የሰው ኃይል» አለ። ሰው የለም። ግሦቹን ቆጠርኳቸው። «ይጠናከር» አሥራ ሰባት ጊዜ፣ «ይሻሻል» አሥራ አንድ ጊዜ፣ «ይዘርጋ» ዘጠኝ ጊዜ። ዘመናዊ የመረጃ አያያዝ ሥርዓት ይዘርጋ ይላል። ማን ይዘርጋው? ሰሌን ነው እንዴ የሚዘረጋው?

ሰዋስው ስናስተምር ተገብሮ ግሥ የምንለው አለ። አድራጊው ተሸሽጎ ተደራጊው ብቻ የሚታይበት ነው። «ብርጭቆው ተሰበረ» ይላል ልጅ፤ ማን እንደ ሰበረው ላለመናገር። የቢሯችን አማርኛ የተሠራው በዚህ በልጁ ግሥ ነው። «ይጠናከር» ያለ ሰው ማንንም አላዘዘም፤ ባይጠናከርም ማንም አይጠየቅበትም። በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጡት ጥናቶች ያልተሠራባቸው አንባቢ አጥተው ብቻ አይመስለኝም። የታዘዘ ሰው በውስጣቸው ስለሌለ ነው።

ይህን ሁሉ ስዘበዝብ ልጁ እየሳቀ ይሰማኝ ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን አንዲት ሐረግ አስቆመችኝ። «በመጋዘን ክፍል የሰው ኃይል ምጣኔ ይከናወን» ትላለች።

«ይቺ ምን ማለት ነች?» አልኩት።

ሳቁን አቆመ። «ስምንት ሰዎች ይቀነሳሉ ማለት ነው ጋሼ» አለ።

«የትኞቹ?»

«በስም አላውቃቸውም። ሲስተሙ ሲገባ ሥራቸው አያስፈልግም በሚል ነው።»

«አነጋግራችኋቸዋል?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጥናቱ ለመስክ የተሰጠው ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሥራ አመራሩ ጋር ተወያዩ። በሁለተኛው ቀን የቢን ካርዶቹን ፎቶ ኮፒ አደረጉ። በሦስተኛው ቀን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሻይ ቡና ያለበት የቡድን ውይይት ተደረገ። ስቶር ኪፐሩ ግን አልተጠሩም። «ቁልፉን ማን ይያዝ?» ተብሎ መጋዘን ቀሩ። በጨረታው ሰነድ ላይ የሃያ ዓመት ልምድ ያላቸው የሦስት አንጋፋ ባለሙያዎች ሲቪ ተያይዟል፤ መጋዘኑን የረገጡት ግን የእህቴ ልጅና አንዲት የክፍል ጓደኛው ናቸው። የአንጋፋዎቹ ስም ጨረታውን ያሸንፋል፣ የልጆቹ ጣት ደግሞ ሪፖርቱን ይተይባል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ልቦለድ አይደለም» አለኝ ሲከፋው። «የዕቃ ፍሰት ነው የሚጠናው። ገጸ ባሕርይ አይፈልግም።»

ያኔ ስለ ወሎ ነገርኩት። አማርትያ ሴን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ የሚናገር መጽሐፉ ውስጥ በ1965 ዓ.ም. ስለደረሰው የወሎ ረሃብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ባለቀበት ጊዜ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው ከብቱም ምርቱም ሲያልቅበት የሚገዛበት አጣ። መግዛት የማይችል ሰው ደግሞ በገበያው ዐይን የለም። በዋናው አውራ ጎዳና ዳር ቆመው መኪና እያስቆሙ የሚለምኑ ሰዎች ነበሩ። መንገዱ ነበረ፤ መኪናው ነበረ፤ እህሉም በሆነ ቦታ ነበረ። የዕቃ ፍሰት ብቻ የሚያጠና አማካሪ በዚያ መንገድ ቢያልፍ ኖሮ «ፍሰቱ ደህና ነው» ብሎ ይጽፍ ነበር።

ልጁ ላፕቶፑን ዘጋ። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ ቃሊቲ አካባቢ ወዳለው መጋዘን ይዞኝ ሄደ።

ስቶር ኪፐሩ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ናቸው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በጫኝና አውራጅነት ገብተው ነው እዚህ የደረሱት። ልጁን ሲያዩ፣ «ልጄ፣ የዚያን ቀን ካርዶቼን አዘባርቀህብኝ ሄድክ እኮ» አሉት። አልተቆጡም፤ ሻይ አዘዙልን። ልጁ እየተቅለሰለሰ ዕቃው ለምን ጊዜው እንደሚያልፍበት ጠየቃቸው። ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ ካርቶን ጎትተው አወጡ። ውስጡ አሥራ አራት ሲናርላይን ደብተር ነው።

«የተጠየቀው በሞዴል 20 አለ፤ ያወጣሁት በሞዴል 22 አለ» አሉ። «እዚህ የጻፍኩት በእውነት የሚያስፈልጋቸውን ነው።»

«እንዴት አወቁት ጋሼ?»

«በሃያ ስድስት ዓመት! ለአንድ ጤና ጣቢያ በወር ሃምሳ ፓኬት ጓንት ይበቃዋል እንበል። እጥረት ሊመጣ ነው የሚል ወሬ የሰማ ዕለት መቶ ይጠይቃል። እኔ ግማሹን እንደምሰጠው ያውቃላ! ሃምሳውን ያገኛል። እውነቱን ተናግሮ ሃምሳ የጠየቀው ደግሞ ሃያ አምስት ይደርሰዋል። በሚቀጥለው ወር እሱም መዋሸት ይለምዳል። አለቆቻችን የጥያቄውን ወረቀት ደምረው ከውጭ ያዝዛሉ። ዕቃው ከወራት በኋላ ጅቡቲ ሲደርስ ወሬው አልፏል፤ እጥረቱም የለም። ከዚያ ያው…» አሉና ወደ ጥጉ አመለከቱን። የማስወገጃ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ፣ ጊዜው ያለፈበት ካርቶን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል።

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ኤ ያገኘሁበት ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጄይ ፎረስተር የተባለው የኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሸማቹ ዘንድ የሚነሣ ትንሽ ለውጥ ወደ አምራቹ ሲደርስ እንዴት እየገዘፈ እንደሚሄድ አሳይቷል። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሃው ሊ የተባለው ምሁር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የችግሩን አራት ምክንያቶች ዘረዘረ። አንደኛው ልክ ስቶር ኪፐሩ ያሉት ነው፤ ዕቃ በራሽን ሲከፋፈል ጠያቂው ቁጥሩን አግንኖ ይጠይቃል። ነገሩን በእንግሊዝኛ በጅራፍ ስም ይጠሩታል። የቡሄ ልጅ ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም። እጀታው ላይ ያለችው የእጅ እንቅስቃሴ ትንሽ ናት፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ሰፈሩን ያናውጣል። ደግሞስ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አይደል የሚባለው? አግንኖ የጠየቀው ተቋም እኮ ነው በመጨረሻ እጥረት አለ ብሎ የሚጮኸው።

እንግዲህ አንድ ዕውቀት በሁለት ቦታ ቁጭ ብሏል፤ በውጭ አገር መጽሔትና በቃሊቲ ሲናርላይን ደብተር። መጽሔቱን ያነበበው ልጅ መጋዘን ገብቶ ሦስት ቀን ሲያድር አላየውም። ደብተሩን የጻፉት ሰውዬ ደግሞ የሚጠይቃቸው አላገኙም። ስማቸው በሪፖርቱ ውስጥ ያለው «ምጣኔ» በምትባለዋ ቃል ሥር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ለእኔ ይመቸኝ ነበር። ሽማግሌው ያውቃል፣ ወጣቱ አያውቅም፣ ቸር ይግጠመን ብዬ። ታሪኩ ግን አልጨረሰኝም። ልጁ ደብተሮቹን ተውሶ ወሰደ። ለሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ወደ ኤክሴል ሲገለብጥ ከረመ። ከዚያም እንደገና ይዞኝ ሄዶ ለስቶር ኪፐሩ አንድ ሥዕል አሳያቸው። የተጋነነው ጥያቄ በወሬ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ትልቁ ክምር በየዓመቱ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ይመለሳል፤ ስለዚህ ተቋማቱ ቢያስፈልግም ባያስፈልግም ያዝዛሉ። ስቶር ኪፐሩ ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት።

«እኔ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሰኔ በመጣ ቁጥር ወገቤን የሚያመኝ ብርዱ ይመስለኝ ነበር።»

ሃያ ስድስት ዓመት ውስጡ የኖረ ሰው ያላየውን፣ ከውጭ የመጣ ልጅ አየው። አማካሪ የሚባል ሙያ ዋጋ ካለው ዋጋው ይህ ነው። የሂሴ ግማሽ እዚያው መጋዘን ውስጥ ተሸነፈች፤ መሸነፏንም ደስ ብሎኝ ተቀብያለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ልጁ ሥዕሉን የሠራው ከደብተሩ ነው። ደብተሩ ባይኖር በእጁ የነበሩት ከሞዴል 20 የተለቀሙ የተጋነኑ ቁጥሮች ብቻ ነበሩ። በውሸት ላይ የተተከለ ሲስተም ውሸቱን በፍጥነት ይደምራል እንጂ እውነት አያደርገውም።

ልጁ ሪፖርቱን እንደገና ጻፈው። የስምንቱን ሰዎች ቅነሳ አወጣ። ድልድሉ በተጠየቀው ሳይሆን በፍጆታ ልክ እንዲሆን፣ ተቋማቱም ትእዛዛቸውን በዓመቱ ውስጥ ከፋፍለው እንዲያቀርቡ፣ ይህንንም የትኛው ክፍል እንደሚፈጽመው ጻፈ። በመግቢያው ላይ የስቶር ኪፐሩን ስም ከነማዕረጋቸው አስገብቶ፣ ግኝቱ ከእሳቸው መዝገብ የመነጨ መሆኑን ገለጸ።

አለቃው ቅነሳው መውጣቱን ካንገራገረ በኋላ ተቀበለው። ስሙን ግን ሰረዘው። ምክንያቱንም አልደበቀም። «ደንበኛው የራሱ ሠራተኛ የሚያውቀውን ነገር ከእኛ ይገዛል እንዴ?» አለው። በስሙ ቦታ «በመስክ ምልከታ ተረጋግጧል» የሚል ገባ። ያው ተገብሮ ግሥ።

በእኔ የቀድሞ ሙያ የሌላውን ሐሳብ ወስዶ ስሙን መሰረዝ ስም አለው። ተማሪ ሲሠራው ዜሮ እንሰጠዋለን። በአማካሪነት ገበያ ግን ክፍያ የሚያስገኘው እሱው ነው። የአለቃውን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አመነዠኩት። የምጠላው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሐሰት ግን አልሆነልኝም። ጥፋቱም የአማካሪው ብቻ አይደለም። አንድ ድርጅት ለሃያ ስድስት ዓመት ደመወዝ የከፈለውን ሰው ቃል አልሰማም ብሎ፣ ያንኑ ቃል በከረቫት ሲመጣለት ጨረታ አውጥቶ ከገዛ፣ ሻጩን ብቻ ሌባ ማለት ይከብዳል። ገዢው ነው ዋጋውን የሠራው። በነገራችን ላይ «ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት» የሚለውን ቃል ራሱን በ1982 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያስተዋወቀው ኪዝ ኦሊቨር የተባለ የቡዝ አለን ሃሚልተን አማካሪ ነው። ዕቃ መጫን፣ ማከማቸትና ማከፋፈል ግን ከዓለም ጋር የኖረ ሥራ ነው። አማካሪው ያመጣው ስሙንና አንድ አድርጎ ማየቱን ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ስም ያወጣ ሁሉ ልጁን አልወለደውም።

«ልቀቅ» አልኩት ልጁን በንዴት። «በዚህ ዕድሜህ ስም መሰረዝ ከለመድክ በሃምሳ ዓመትህ ምን ልትሆን ነው?»

ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እኔ ብለቅ ሌላ ልጅ ይቀጠራል» አለኝ። «ያ ልጅ መጋዘን የሚወስደው አጎት ከሌለውስ? ስምንቱ ሰዎች በሚቀጥለው ሪፖርት ይወጣሉ።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። የእህቴ የቤት ኪራይ በዚህ ልጅ ደመወዝ እንደሚከፈል አውቃለሁ፤ እሱ ግን ይህን አላነሣብኝም። ስለዚህ ልቀቅ ያልኩትን ምክር መልሼ ወስጃለሁ። ለካስ እኔም ያልኖርኩበትን እያማከርኩ ነበር።

የሚቀረኝን ግን ልናገር። ድሮ የጉምሩኩና የገበያው ሹም «ነጋድራስ» ይባል ነበር። ከነጋድራሶቹ አንዱ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እሱ በ1911 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ነው። ይህ ሰው አገር በንግድ እንዴት እንደሚጎዳ ብቻ አልጻፈም። በባቡሩ አስተዳደር ሠርቷል፤ በድሬዳዋም ነጋድራስ ሆኖ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ በዐይኑ አይቷል። አማካሪነትን የመሰለ ሥራ ከሠራ፣ የሠራው ከበሩ ላይ ቆሞ ነው።

ዘንድሮ የምትመረቁ ልጆች አማካሪ ለመሆን ብታስቡ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ከተቻለ መጀመሪያ አንድ ዓመት መጋዘን ግቡ። የሚቀጥራችሁ ካጣችሁና እንደ እህቴ ልጅ በቀጥታ አማካሪ ከሆናችሁም፣ ሦስቱን የመስክ ቀን ሦስት ሳምንት ለማድረግ ተከራከሩ። አዳራሽ ከመግባታችሁ በፊት ቁልፍ ይዘው የቀሩትን ሰው ፈልጉ። ከተሳቢ ሹፌር ጋር ሚሌ ላይ ምሳ ብሉ። «ይጠናከር» ብላችሁ ስትጽፉ ማን ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። «ምጣኔ» ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ ስንት ሰው፣ እነማን ብላችሁ ጠይቁ። ቀጣሪዎችም እባካችሁ፤ የመጋዘኑን በር ለጀማሪ ክፈቱለት። እናንተ በሩን ስለዘጋችሁበት ነው በአማካሪ በር ዞሮ የሚመጣባችሁ።

ሪፖርቱ የቀረበ ሰሞን ልጁ ይቅርታ ሊጠይቅ ስቶር ኪፐሩ ዘንድ ሄዶ ነበር። እኔም ተከትዬው ሄድኩ። ስማቸው መሰረዙን አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። እሳቸው አንድ ሞዴል 22 ላይ እየፈረሙ ነበር። ፈርመው ጨረሱ፤ ካርቦኑን አንስተው ግልባጩ በደንብ መታየቱን አረጋገጡ።

«ልጄ» አሉት፣ «የኔ ስም ከዚህ መጋዘን በወጣ ዕቃ ሁሉ ላይ አለ። አንድ ሲሪንጅ ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ። ያንተ ሪፖርት ቢሳሳት ማን ነው የሚጠየቀው?»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ ካርቶኖቹ ዞርኩ።

ቸር እንሰንብት።